ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ

አባቴ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱሪና ሸሚዝ እየሸጠ ነው ያሳደገን። ደንበኛ ገና ከበሩ ሳይገባ ወገቡን በዓይኑ ለክቶ ቁጥሩን ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። የራሱን ሕመም ግን ስምንት ወር ሙሉ ዝም አለው።

ሽንቱ መቅላት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነው። አንድ ቀን ይቀላል፣ ከዚያ ለሳምንታት ይጠራል። "ሙቀቱ ነው፣ ውኃ አልጠጣሁም" ይለናል። መቼም በድሬ ሙቀት የማይሳበብ ነገር የለም! አንድ ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ሰጠው፤ እኛም አመንን። የፊኛ ካንሰር ዋናው ምልክት ሕመም የሌለው ደም መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው። ስለማያም ነው ሰው የሚዘናጋው።

አዲስ አበባ በቀጭን ካሜራ ፊኛውን አዩትና ዕጢ አገኙ። ሐኪሙ ሁለት ነገር ጠየቀው፦ "ሲጋራ ያጨሳሉ? በልጅነትዎ አዋሽ ዳር ኖረዋል?" ሁለተኛው ለቢልሃርዚያ ነው፤ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ያለው ዓይነት ፊኛ ውስጥ ገብቶ ቆይቶ ካንሰር ያመጣል። አባዬ አዋሽን የሚያውቀው በመኪና ሲያልፍ ነው። ሲጋራውን ግን አርባ ዓመት አጭሶታል።

ምርጫው ሁለት ነበር። ወይ ፊኛው ወጥቶ ሽንቱ ሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይወርዳል፤ ወይ ዕጢው በሽንት ቧንቧ በኩል ተጠርጎ ኬሞና ጨረር ይከተላል። አባዬ "ከረጢት ተሸክሜ እንዴት እሰግዳለሁ?" አለ። የሰፈራችን ሼህ ሽንቱን መቆጣጠር ለማይችል ሰው ሸሪዓው እንደሚያቀልለት አስረዱት። "አውቃለሁ ሼሃችን" አላቸው፣ "እኔ ግን ጨረሩን ልሞክር።" ተናድጄበት ነበር። በሽታው ቢመለስስ?

ያኔ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለሆነ፣ ተራው ሲደርስ በአዲሱ ባቡር ሄድን። አውቶቡሱን የተውነው በየሃያ ደቂቃው ሽንቱ ስለሚመጣ ነው። ለስድስት ሳምንት ተኩል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሥራዬ ውኃውንና ሻዩን መቆጣጠር ሆነ። ማሽኑ ላይ ከመተኛቱ በፊት ፊኛውን ማራገፍ አለበት። ፊኛ እንደ ሌላው አካል በአንድ ቅርጽ አይቆይም፤ ሲሞላ ይነፋል፣ ሲጎድል ይሟሽሻል፣ አንጀት ሲያብጥም ይገፋዋል። ጨረሩ እንዳይስተው ዙሪያውን ሰፋ አድርገው ያልማሉ፤ ስለዚህ ጤነኛው አንጀትም አብሮ ይመታል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ አባዬ ከመጸዳጃ ቤት አልወጣም ማለት ይቻላል።

የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ጨረር ክፍል ውስጥ ትሠራለች። አንድ ማታ ደውላ እነርሱ ዘንድ ያለውን ነገረችን። ለአንድ ሕመምተኛ አስቀድመው ሦስት ዕቅድ ያዘጋጃሉ፤ ለትንሽ፣ ለመካከለኛና ለትልቅ ፊኛ። በየዕለቱ ሕመምተኛው ማሽኑ ላይ እንደተኛ ፊኛው በሲቲ ይነሣል፣ ባለሙያዋም የዚያን ቀን ልኩን ትመርጣለች። እንዲያውም ዕቅዱን እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ እንደ አዲስ የሚሠሩ ማሽኖች መጥተዋል።

አባዬ ስልኩን ተቀበለኝና "እንዴ አቦ! ይኼማ የእኔ ሥራ ነው" አለ። "እኔን ግን ሁልጊዜ ኤክስ ኤል ያለብሱኛል!" ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

እኔ ግን ስልኩን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁና ያለ ቀልድ ጠየቅኋት። ያባዬ ሕክምና ዋጋ አለው ወይ? በ2012 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ የብሪታኒያ ጥናት ጠቀሰችልኝ። በ360 ሕሙማን ላይ የተደረገ ነው። ጨረር ብቻ ካገኙት ከመቶ 54ቱ፣ ኬሞ ከተጨመረላቸው ደግሞ 67ቱ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ፊኛቸውና አካባቢው ላይ በሽታው አልተመለሰባቸውም። ስድሳ ሰባቱን ሳይሆን ሠላሳ ሦስቱን እያሰብኩ አደርኩ።

አባዬ ከስልሳ ሰባቱ ሆነ። ሲጋራውን ትቷል፤ ሽንቱን ግን እንደ ድሮው ብዙ መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ መጸዳጃ ቤት የሌለበት ለቅሶ ቤት አይቀመጥም። በቀጠሮው አዲስ አበባ ወጥቶ በካሜራ ይታያል፤ ከቀጠሮው በፊት ያለው ሳምንት ቤታችን ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም።

ባለፈው ወር ጎረቤቱ ባለሱቅ ስለ ሽንቱ አንድ ነገር ሹክ ሲለው አየሁ። አባዬ የያዘውን ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ጣለና የሰውየውን እጅ ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው። ሱሪው ደንበኛ እየጠበቀው ነበር። እኔ ቁጥሩን ተሳስቼ ሰጠሁት፤ በማግስቱ ሊቀይር መጣ።