አላስፈላጊ ያልነው

እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው። ከርነል ገንቡ ብሎ የላከን የለም። ጥፋቱ የሦስታችን የጋራ ኮምፒውተር እርጅና ነው። «የሊነክስን ከርነል ራሳችሁ ገንቡት፤ የማያስፈልጋችሁን አስወጡ፤ ትፈጥናለች» አለን አንድ ወዳጃችን። የዋህ አይደለን? ሰማነው።

«ሜክ ሜኑኮንፊግ» ብለን ስናዝ ሰማያዊ ገጽ ተዘረጋ። ወደ ፋይል ሲስተሞቹ ክፍል ገባን። ወይ የስም ብዛት! ለአብዛኞቹ የሚሰጠው መልስ ሦስት ዓይነት ነው። «ዋይ» ካልን ከከርነሉ ጋር ይዋሃዳል፤ «ኤም» ካልን ሞጁል ሆኖ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ሲፈለግ ይጠራል፤ «ኤን» ካልን ጭራሽ የለም። እኛ ኤን፣ ኤን፣ ኤን እያልን ቁልቁል ወረድን። ጽሑፋችንን እየቆራረጠ የሚመልስልን አርታኢ ምን እንደሚያስደስተው ያን ለት ገባን።

ኤክስት4ን ግን ኤም አልነው። ዲስካችን ራሱ ኤክስት4 መሆኑን እያወቅን! ኮምፒውተሯን ስናስነሳት ከርነሉ ዋናውን ፋይል ሲስተም መክፈት አቅቶት ቀጥ አለ። ሞጁሉ ያለው ሊከፍተው ባልቻለው ዲስክ ውስጥ ነዋ! ቁልፉን ቤት ውስጥ ትተን በሩን ቆልፈን ወጥተናል። ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለውን የመነሻ ስንቅ አዘጋጅተንለት ቢሆን ሞጁሉን ከዚያ ያገኘው ነበር። ደግነቱ አሮጌውን ከርነል አላጠፋነውም። በእሱ ተነስተን ኤክስት4ን ዋይ አልነው።

ደስታችን አንድ ሳምንት አልሞላም። የአንዷችን አያት ሳያርፉ በፊት የቀዳናቸው ድምፅ ያለው አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ስንሰካው «ቪፋት የሚባል አላውቅም» አለን። ኤን ያልነው እኛው ነን። በድጋሚ ገነባን። አሁን ፍላሹ ተከፈተ፤ የፋይሎቹ ስም ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ! አንዱም አልከፈት አለ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች።

ፋይሎቹን የሰየምናቸው በአማርኛ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ፍላሹም ስሞቹን በትክክል ይዟቸዋል። ከርነሉ ግን የሚያነባቸው የላቲን ፊደል ብቻ በሚያውቅ ሠንጠረዥ ነበር። ከፋይል ሲስተሞቹ ሥር ያለውን የቋንቋዎች ዝርዝር «ይሄ ደግሞ ለምናችን ነው?» ብለን ዘልለነው ነበራ። ዩቲኤፍ-8ን መርጠን፣ ፍላሹን በዚያ እንዲያነብ አዘዝነው። «እማማ ስለ ጠጅ አጣጣል» የሚል ስም ብቅ አለ። ከፈትነው።

«እናንተ ልጆች፣ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው?» አሉ እማማ።

ኮምፒውተሯ? ያው እንደ ድሮዋ እያዘገመች ናት። ያልተጠራ ሞጁል ማህደረ ትውስታ እንደማይበላ የገባን ዘግይቶ ነው። እናንተም እንደ እኛ ካማራችሁ፣ ለምትነሱበት ዲስክ ዋይ፣ በእንግድነት ለሚመጣው ሁሉ ኤም በሉ። የፊደላችሁን መስመር ደግሞ አትዝለሉ።