ስርጉዱን አናለሰልሰውም



ከመድረሳም ከመንግሥት ትምህርት ቤትም ተምረን ኢንጂነሪንግ የገባን ተማሪዎች «ሁለቱን ትምህርቶች ምን ያገናኛቸዋል?» እየተባልን እንጠየቃለን። መልሳችን ከላብ ጠረጴዛችን ይጀምራል።

የብዙ ስልኮች ስክሪን የሚያበራው በኦርጋኒክ ቁሶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በኮዳክ ከ10 ቮልት በታች የሚያበራ ስስ ንብርብር መሥራታቸውን አሳተሙ። ብርሃን ሰጪው አንድ አሉሚኒየም በሦስት ኦርጋኒክ ክንፎች የተከበበበት ሞለኪውል ነበር። ክንፎቹ በሁለት መልክ ሊሰለፉ ይችላሉ። አቶሞቹም ቀመሩም ያው ናቸው፤ አንዱ አሰላለፍ ግን አረንጓዴ ሲያበራ ሌላው ወደ ሰማያዊ ያደላል።

አሰላለፉን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ሞለኪውሉ 1 ናኖሜትር ያህል ነው። ኢንፍራሬድ ጨረር ስናሳልፍበት ግን የአቶሞቹ ትስስር ከራሱ ንዝረት ጋር የሚገጥመውን ጨረር ይውጣል። የተዋጠው በግራፉ ላይ ስርጉድ ሆኖ ይታያል። አሰላለፉ ሲለወጥ የስርጉዶቹ ቁጥርና ቦታም ይለወጣል።

ይህን ዓይነት ትምህርት መድረሳ ለምደነዋል። በአማርኛ ንግግር «ሀ» እና «ሐ» ድምፃቸው አንድ ነው። በቁርኣን ግን አንዱ ከጉሮሮ ሥር፣ ሌላው ከጉሮሮ መሃል ይወጣል። ኡስታዛችን ጉሮሯችንን ሳያዩ፣ በጆሯቸው ብቻ ፊደሉ ከየት እንደወጣ ያውቁ ነበር። «ይቀራረባል» ብለው ያለፉን ቀን የለም።

አሁን በመመረቂያ ፕሮጀክታችን ግራፍ ላይ ያልጠበቅነው ትንሽ ስርጉድ አለ። እርጥበት ቢሆን በሴንቲሜትር 3,400 ሞገድ ግድም ሰፋ ብሎ በታየ ነበር። ይኸኛው ቀጭን ነው፣ ቦታውም ሌላ ነው። የሁለቱ አሰላለፍ ቅልቅል ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን። ለማረጋገጥ የመሣሪያውን ተራ ሳምንታት መጠበቅ ይጠይቃል፤ የማስረከቢያው ቀን ግን ደርሷል። በሶፍትዌር ማለስለስ የደቂቃ ሥራ ነው። «ማን ያየዋል?» ያሉንም አሉ።

ከቡድናችን ጋር ተመካክረን ግራፉን እንዳለ ልናስረክብ ወስነናል፤ ከሥሩም «ያልተረጋገጠ» ብለን እንጽፋለን። ማርክ ሊቀንስብን ይችላል። ነገር ግን ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ግራፍ ነው። የለካነው ቁጥር የእነሱም አማና ነው።

አላህ ጠቃሚ እውቀትንና ታማኝነትን ይወፍቀን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።