ስልኩ ሌሊት ሲጮህ

የሮቤ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባለቤቴ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኩ ሲጮህ ብርድ ልብሱን ገፎ ይነሣል። ሁለታችንም የምንሠራው አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ሮቤም ጎባም ሲስተም ሲቋረጥ የሚጠራው እሱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ "24 ሰዓት እናገለግልዎታለን" የሚለውን ማስታወቂያ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ያ ቃል በማን እንቅልፍ እንደሚከፈል ግን አላሰብኩም ነበር።

"ሥራዬን ስለምወደው አይደክመኝም" ይለኛል። እኔም አምኜዋለሁ፤ ቢዝነስ ስማር ሥራውን የወደደ ሠራተኛ ውጤታማ ነው ተብዬ ነበርና። ቤት ውስጥ ያየሁት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ እራቱን ትቶ መነሣት፣ ቀጥሎ ከልጃችን ጋር መጫወት መተው፣ በኋላ ደግሞ ደንበኛ ሲደውል "አሁንስ ምን ፈለጉ?" ማለት መጣ። ስንዴ ተሰብስቦ ገበያው በደራበት ሰሞን፣ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ገብቶ የተሳሳተ ፋይል አጠፋ። የግማሽ ቀን ሥራ ጠፋ፤ ለእሱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. በሥራ ጫና መዛልን በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፤ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ እና የሥራ ውጤት መቀነስ። ሳነበው የቤቴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ድርጅቱ በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው አለ እንጂ። ስለዚህ መፍትሔው ያለው ባለቤቴን "በርታ" በማለት ሳይሆን በሥራው አደረጃጀት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል።

አማቴ አርሶ አደር ናቸው። ልጃቸው ማዕድ ላይ ሲያንጎላጅ አይተው፣ "በሬም ከቀንበር ይፈታል፤ አንተን የሚፈታህ ማነው?" አሉት።

በማግስቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ አብረን ጻፍን። ሌላ ሠራተኛ ሰልጥኖ የሌሊቱን ስልክ በሳምንት ተራ እንዲቀባበሉ ጠየቅን። አለቃችን ወዲያው አልተስማሙም፤ የጠፋውን የግማሽ ቀን ሥራ ሂሳብ ሳቀርብላቸው ግን ተስማሙ። ማስታወቂያውንም እኔ አስተካከልኩት፤ አሁን የሚለው የሰው እርዳታ የሚገኝበትን ሰዓት ነው።

ባለፈው እሑድ ስልኩ ጓደኛው ዘንድ ነበር። ባለቤቴ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛ። ልጃችን "አባባ ታሟል?" ብላ ጠየቀችኝ።