ሲንግ ስለሚባለው ስም

አያቴ ተማሪ በነበሩበት ዘመን የሒሳብ መምህራቸውም የፊዚክስ መምህራቸውም ከህንድ አገር የመጡ ነበሩ፤ ሁለቱም ሚስተር ሲንግ ይባሉ ነበር። ተማሪዎቹ ወንድማማች ይመስሏቸው ነበር አሉ። አንደኛው ሲጠመጥሙ ሁለተኛው ጠጉራቸውን ይቆረጡ ስለ ነበረ፣ «ታናሽየው ሃይማኖቱን ጥሎ ነው» እየተባሉ ይታሙ ነበር።

ሐሜቱ ከንቱ ሳይሆን አይቀርም። ሲንግ ከጥንቱ ከሳንስክሪት ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው አንበሳ ነው፤ ሲንጋፖር የሚለውም «የአንበሳ ከተማ» ማለት ነው። ከሲኮች አስቀድሞ ስሙን ይዘው የነበሩት ራጅፑት የሚባሉት የጦር ባላባቶች ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራም ሲኮች ከህንድ ሕዝብ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞሉም ነበርና፣ ሲንግ የተባለ ሁሉ ሲክ አይደለም።

እኔን የሳበኝ ግን በ1699 እ.ኤ.አ. በፑንጃብ፣ በአናንድፑር የሆነው ነገር ነው። የሲኮች ዐሥረኛ መምህር ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ኻልሳ የሚባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ ወደ ማኅበሩ የገቡት ወንዶች ሁሉ ሲንግ ተባሉ። ለሴቶቹም ካውር የሚለው ስም ጸና። በህንድ አገር የቤተ ሰብ ስም ሲጠራ ሰውየው ከማን ወገን እንደ ተወለደ፣ የተከበረ ይሁን የተናቀ፣ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይታወቃል። ሁሉም ሲንግ ከተባለ ግን ጠያቂው ምን ይይዛል?

የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አባቴ እናቴን ሊያገባ ባሰበ ጊዜ «ዘሯ ይጣራ» ተብሎ ሽማግሌ ሳይላክ ሦስት ወር ቆየ። እንቢ ያሉትም እኚሁ የሁለቱ ሲንጎች ተማሪ የነበሩት አያቴ ናቸው። (ይህን የምጽፈው አስፈቅጃቸው ነው፤ ስቀው «ጻፈው» ብለውኛል።)

በፑንጃብም ቢሆን ነገሩ እንደ ታሰበው አልሆነም፤ ብዙዎች ከሲንግ ቀጥለው የነገዳቸውን ስም መልሰው ይጽፋሉ። ስሙ ባሕር የተሻገረው ከወታደርና ከሠራተኛ ጋር ነው። ከ1896 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሐዲድ ሲዘረጉ፣ ከህንድ ካመጧቸው ከ30 ሺሕ በላይ ሠራተኞች ብዙዎቹ የፑንጃብ ሰዎች ነበሩ። ካናዳ ለመግባት የሚያመለክቱት ደግሞ፣ ሲንግና ካውር እጅግ ስለ በዙ ሌላ የቤተ ሰብ ስም እንዲያመጡ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ ይነገራቸው ነበር። መዝገቡ እንዲሞላ ሲባል፣ በአናንድፑር የተተወው ጥያቄ በጽሕፈት ቤት መስኮት እንደ ገና ተጠየቀ።