የክራኮቭ ሕፃናት የትንሣኤ ቅርጫት

በፖላንድ አገር ክራኮቭ በምትባለው ጥንታዊት ከተማ ቀዳም ሥዑርን ለመዋል የቻልነው በ2017 ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ዓመት የምሥራቁና የምዕራቡ የበዓል አቈጣጠር ተገናኝቶ ትንሣኤ ለሁሉም ሚያዝያ 12 ቀን ውሎ ነበር። ስለዚህ በአገራችን ካህናት ቄጤማ በሚያድሉበት ቀን፥ በዚያ ሕፃናት ቅርጫት አንጠልጥለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አየን። ስለዚሁ ቅርጫት ያየነውንና የተማርነውን፥ የተማርንበትንም ኀፍረት ሳንደብቅ፥ ለክቡራን አንባብያን ልንገልጽ እንወዳለን።

ክራኮቭ በቪስቱላ ወንዝ ዳር ያለች፥ የቀድሞ የፖላንድ ነገሥታት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጀመር በመጀመሪያ ከተጻፉት 12 ስፍራዎች አንዷ እርሷ ነበረች፤ ከእኛም አገር ላሊበላና የስሜን ተራሮች በዚያው ጊዜ አብረዋት ተጽፈዋል። በ1257 ተለክቶ የተመሠረተው ዋናው አደባባይዋ የያንዳንዱ ጎን ርዝመት 200 ሜትር ያህል ነው። በአንዱ ማዕዘን ያለችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቁመታቸው የማይተካከል ሁለት ግንቦች አሏት፤ ከረጅሙም ግንብ በየሰዓቱ መለከት ይነፋል።

ከበዓሉ አስቀድሞ በዚህ አደባባይ ገበያ ይቆማል። ከአኻያ ዘንግ የተሠሩ ቅርጫቶች፥ ጥልፍ ያላቸው ነጫጭ ጨርቆች፥ ቀለም የተቀቡ እንቍላሎች ይሸጡበታል። በከተማው ሱቆች ደግሞ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ከረሜላና በጥንቸል አምሳል የተሠራ ቸኮላታ ተደርድሮባቸው ተጠቅልለው የተዘጋጁ ቅርጫቶች አሉ። ይህ ሁለተኛው ልማድ ከጀርመኖች የመጣ ነው። ፍራንክ ፎን ፍራንከናው የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1682 በጻፈው መጽሐፍ፥ ጥንቸል የትንሣኤን እንቍላል በአትክልት ውስጥ ትደብቃለች ተብሎ ለልጆች እንደሚነገር ገልጿል። ወደ አሜሪካ ፔንስልቬንያ የተሰደዱትም ጀርመኖች ልማዱን ይዘውት ተሻገሩ፤ ልጆቻቸው በባርኔጣቸው ጎጆ እየሠሩ ጥንቸሏን ይጠብቁ ነበር፤ ያም ጎጆ በኋላ ቅርጫት ሆነ።

እኛም ሥራችን ስላስቸኰለን፥ በአገር ቤት ለሚጠብቀን ለታናሹ ልጃችን ከነዚህ ከተዘጋጁት ቅርጫቶች ትልቁን መርጠን ገዛን። ዋጋውን ከፍለን ስንወጣ የአባትነት ግዳጃችንን የፈጸምን መስሎን ደስ ብሎን ነበር።

ያን ዕለት የጋበዘን ሰው ቤት ስንደርስ፥ እናቱ ከሁለቱ የልጅ ልጆቿ ጋራ ቅርጫት ስታሰናዳ አገኘናት። ቅርጫቶቹ ትንንሾች ናቸው፤ የአምስት ዓመቱ ወንድ ልጅ እንዳይከብደው የእርሱ ከእኅቱም ያነሰ ነበር። ሥነ ሥርዓቱ ሽፍየንጾንካ ይባላል፤ የተባረከ ማለት ነው። በቅርጫቱ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍና እንቍላል፥ ዳቦ፥ ጨው፥ ቋሊማ፥ አፍንጫን የሚያቃጥል ሥር፥ ከቅቤ ወይም ከስኳር የተሠራ የበግ ጠቦት ይቀመጥበታል። ዳር ዳሩ ክረምት ከበጋ በማይረግፍ ቅጠል ያጌጣል። እንቍላሉ የአዲስ ሕይወት፥ ጠቦቱም የክርስቶስ ምሳሌ ነው፤ ጨውም ከመበስበስ የሚጠብቅ ስለ ሆነ ይገባል።

የስምንት ዓመቷ ልጅ ወፍ መሣል ስለምትወድ፥ አያቷ ነጭ እንቍላል ለይታ አስቀምጣላት ነበር። ልጅቷ በቀለጠ ሰም በእንቍላሉ ላይ ወፍ ሣለችና የሽንኩርት ልጣጭ በተቀቀለበት ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ ሰሙ በተነሣ ጊዜ ወፏ በቀዩ ላይ ነጭ ሆና ታየች። እንዲህ ያለው እንቍላል ፒሳንኪ ይባላል፤ ቃሉ መጻፍ ከሚለው የመጣ ነው። ለወንዱ ልጅ ደግሞ ከራሱ እንቍላል ሌላ አንድ ትርፍ ተጨመረለት። ምክንያቱን ብንጠይቅ፥ ጎረቤታቸው የሆኑት ሽማግሌ እግራቸው ታሞ ከቤት ስለማይወጡ፥ የርሳቸውን ድርሻ አስባርኮ የሚያመጣላቸው እርሱ መሆኑን ነገሩን። ሕፃኑም ይህን ሲሰማ እንደ ባለ ሥልጣን ኰራ።

በዚህ ጊዜ እኛ የገዛነውን ትልቅ ቅርጫት አወጣንና ለአሮጊቷ አሳየናት። ልጇም እየተረጐመላት፥ «መልካም ነው፤ ልጅዎ ዘንድሮ የሚወደው ምንድር ነው?» አለችን። እኛም፥ «ጣፋጭ ነገር ነዋ፤ የማይወድ ልጅ አለን?» ብለን መለስን። እርሷ ግን ፈገግ ብላ፥ «ይህ የልጆች ሁሉ መልስ ነው፤ እኔ የጠየቅሁዎ ስለ አንዱ ነው» አለች። የምንመልሰው አጣን። የመሥሪያ ቤታችንን ደብዳቤ ቍጥሩንና ቀኑን በቃል የምናውቅ ሰዎች፥ የገዛ ልጃችን በዚያ ዓመት ምን እንደሚወድ አናውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በደጁ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ በላዩ ቅርጫት በቅርጫት ሆኗል፤ ልጆቹ ከፊት፥ ወላጆች ከኋላ ቆመዋል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ጠበሉን ሲረጭ ሕፃናቱ ፊታቸውን ወደ ጠብታው እያቀረቡ ይሥቃሉ። ነገር ግን የተባረከውን ምግብ በዚያ ቀን የሚቀምስ የለም። እሑድ ጧት ከቅዳሴ በኋላ እንቍላሉ ይቈረስና ቤተ ሰቡ እየተመራረቀ ይካፈለዋል። ትንሹ ልጅ ግን ከራሱ ቤት አስቀድሞ የሽማግሌውን ድርሻ ሊያደርስ ሮጠ።

በዚያ ሌሊት በማደሪያችን የገዛነውን ቅርጫት ስናየው፥ ከጉድለት ሁሉ የከፋው ጉድለቱ ለማንም ልጅ ቢሰጥ የሚሆን መሆኑ ነው ብለን ፈረድን። በማግሥቱ ለማደሪያው አገልጋዮች ልጆች ሰጠነውና፥ በምትኩ አንዲት ባዶ የአኻያ ቅርጫት ይዘን ለዳግም ትንሣኤ አገራችን ገባን።

ለልጆቻቸው የበዓል ስጦታ ለማሰናዳት የሚያስቡ አንባብያን፥ ቅርጫት ባይኖራቸው ሙዳይ ወይም ትንሽ እንቅብ ይበቃቸዋል። ዕቃው ልጁ ራሱ ሊሸከመው የሚችል ይሁን። በውስጡም እጁ የሠራው አንድ ነገር፥ እርሱን ብቻ አስበን ያገኘንለት አንድ ነገር፥ ለሌላ ሰው የሚያደርሰው አንድ ነገር ይኑርበት፤ ጣፋጩ ከነዚህ በኋላ ጥቂት ቢጨመር አይጐዳም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ልጁን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኛም ባዶውን ቅርጫት ለልጃችን ሰጥተን ምን እንዲገባበት እንደሚወድ ጠየቅነው። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፥ «አባባ፥ ዳቦና እንቍላል እናድርግበትና ወደ አያቴ ቤት በእግር እንሂድ፤ አንተም ና» አለን። በዳግም ትንሣኤ ቀን አብረን ሄድን። ቅርጫቱን ለማንም አልሰጥም ብሎ ራሱ ተሸከመው፤ በመንገድም አንዱ እንቍላል ተሰነጠቀበትና አዘነ። አያቱ ግን ቅርጫቱን ከፍተው፥ ከሁሉ አስቀድመው ያነሡት ያንኑ የተሰነጠቀውን ነበር።