ሳናነበው የቀደድነው ገጽ

ስለ ልጅ አስተዳደግ ለሌላው ምክር ለመስጠት የምንደፍር አይደለንም። ነገር ግን በገዛ ልጃችን ላይ የፈጸምነውን ስሕተት ብንገልጥ ለሌሎች ወላጆች ይጠቅም ይሆናል በማለት ይህን ጥቂት ቃል ጻፍን።

ልጃችን በ2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በስድስት ኪሎው ግቢ፣ የታሪክ ትምህርት ይማር ነበር። ከትምህርቱ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ቡድን ነው። የመንፈቁ ውጤት በመጣ ጊዜ ግን ካሰብነው እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘነው። ምክንያቱን ለመረዳት ደብተሮቹን ስንመረምር አንድ ወፍራም ደብተር አየን፤ ብንገልጠው የተጫዋቾች ስም፣ የግብ ቍጥርና ከጋዜጣ የተቈረጠ ሥዕል ሞልቶበታል። «ለካ ጊዜውን የሚያጠፋው በዚህ ኖሯል!» ብለን በቍጣ አንዱን ገጽ ቀድደን ከሰል ማቀጣጠያ አደረግነው። የቀረውንም በሣጥናችን ቈለፍንበት።

ልጃችን ይህን ባወቀ ጊዜ አንዲት ቃል ሳይመልስ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዕድ አብሮን ቢቀመጥም ከጠየቅነው በላይ የማይናገር ሆነ። ኳስ ማየቱንም ተወ፤ ዳሩ ግን ውጤቱ አልተሻሻለም። ባለቤታችን ነገሩን በዝምታ ስትመለከት ቆይታ አንድ ማታ፣ «ለመሆኑ ደብተሩን አንብበውታልን?» ብላ ጠየቀችን። እኛም አላነበብነውም ነበር።

በዚያው ሌሊት ሣጥኑን ከፍተን ከዳር እስከ ዳር አነበብነው። በመጀመሪያው ገጽ ቡድኑ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአራዳ እንደ ተመሠረተ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባን እንደ ያዘ፣ በወረራውም ዘመን ቡድኑ ስሙን ለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እንዲባል እንደ ተገደደ ተጽፏል። አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ለዚሁ ቡድን ብዙ ዘመን ከተጫወቱ በኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት መሆናቸው ተመዝግቧል። በየገጹ ግርጌ ነገሩን ከማን እንደ ሰማ ወይም በየትኛው ጋዜጣ እንዳገኘ አስፍሯል፤ ሁለት ሰዎች በተለያዩም ጊዜ የያንዳንዳቸውን ቃል ለይቶ ጽፏል።

ባንድ ስፍራ ደግሞ እንዲህ የሚል አገኘን፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኖ ተመረቀ፤ በወሩም፣ ጥር 13 ቀን፣ ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዓረብ ሪፑብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ከዚህ ቀጥሎ «ጨዋታውን በዐይናቸው ያዩ አዛውንት የነገሩኝ» ይላል። የሚቀጥለው ገጽ ግን የለም። የቀደድነው እርሱን ኖሯል። ልጃችን ታሪክ እንዲማር ስንደክም ታሪክ ሲጽፍ አላወቅነውም።

ሲነጋ ደብተሩን መልሰን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም፣ «አባባ፣ አይዘኑ፤ አዛውንቱን ደግሜ እጠይቃቸዋለሁ» አለን። የውጤቱም ማነስ በኳስ ምክንያት ሳይሆን የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ እንደ ጓደኞቹ ፈጥኖ ማንበብ ስለ ተሳነው እንደ ሆነ፣ ይህንንም ለመናገር አፍሮ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ነገረን። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አብረነው እያነበብን ትምህርቱ ቀስ በቀስ ተቃናለት።

ወደ አዛውንቱ ቤት በሄደ ጊዜ ግን ከሞቱ አርባ ቀናቸው አልፎ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የቡድኖቹ ውድድር ወደ ባሕር ዳር በተዛወረ ጊዜ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሓ ተሻግረን ከልጃችን ጋራ ሄድን። ቅዱስ ጊዮርጊስም ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ያላገኘውን የሻምፒዮናነት ዋንጫ በዚያ ዓመት አገኘ። ኳስ ማየት እንዲህ ደስ እንደሚያሰኝ እስከዚያ ቀን አላወቅንም ነበር። ከዚያም እስከ ጎንደር ዘልቀን የዐፄ ፋሲልን ግንብ ጐበኘን። ልጃችን ግንቡን እየዞረ ሲመለከትና ሲጽፍ ባየነው ጊዜ ያ የጠፋው ገጽ ትዝ አለን። ግንቡ ከ350 ዓመት በላይ ቆሟል፤ የዚያ አዛውንት ቃል ግን ባንድ ማለዳ በእጃችን ዐመድ ሆነ።

በመንገድ ሳለን ደብተሩን እንዲያሳየን ለመንነው። በጐደለው ገጽ ፈንታ አዲስ ወረቀት አጣብቆ፣ ከአዛውንቱ ነገር የሚያስታውሰውን እስከ ገጹ አጋማሽ ጽፎ፣ የቀረውን ባዶ ትቶታል። በግርጌውም፣ «ይህ በቃል ከማስታውሰው የተጻፈ ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል» ይላል። ማን እንዳጠፋው አልጻፈም። እኛ ግን ልጁ በትሕትና የሸሸገልንን ራሳችን እንድንገልጠው ኅሊናችን አስገደደን።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከትምህርቱ ውጭ የሚወደው ነገር ቢኖር፣ ከመከልከላችሁ በፊት አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጠይቁት፤ የጻፈውንም አንብቡለት። እኛ ይህን ባለማድረጋችን ያጐደልነውን ያን ግማሽ ገጽ ልንሞላው አንችልም።