ሲፕሮ አጥንት አይጠግንም

በባሌ ደጋ አጥንት የሚሰብር ነገር አይጠፋም። ፈረስ ይጥላል፣ ሞተር ይገለበጣል፣ በሮቤና በጎባ መካከል ባለችው አጭር መንገድ ባጃጅና ሚኒባስ ይጋፋሉ። ድሮ ሁሉም ወደ ወጌሻ ነበር የሚሮጠው። ዛሬ ብዙ ሰው እግሩ ውስጥ ብረት ገብቶለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትልቅ ለውጥ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከብረቱ በኋላ የሚመጣው ኪኒን ነው።

ባለፈው ክረምት ሮቤ የሚኖረውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቅልጥሙ ተሰብሮ ብረት ከገባለት ሁለተኛ ወሩ ነው። ቁስሉ ደርቋል፣ ትኩሳት የለውም፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት ጨርሷል። ትራሱ አጠገብ ግን ሲፕሮ አየሁ። «ማን አዘዘልህ?» አልኩት።

«ማንም። አጥንት ቶሎ ይገጥማል ሲሉኝ ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ» አለኝ። ያለ ማዘዣ፣ እንደ ከረሜላ።

አይገጥምም። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ አጥንት አያበቅልም። እንዲያውም ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። አጥንት ሲጠገን ብዙውን ጊዜ ስብራቱ ዙሪያ መጀመሪያ ልም አጥንት ይሠራል፤ ያ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ አጥንታቸው የተሰበረ አይጦች ሲፕሮ ሲሰጣቸው ስብራታቸው ላይ የተሠራው አጥንት ካልወሰዱት ይልቅ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ይህ ብቻውን በሰው ላይ ማስረጃ አይሆንም። ግን ለማይጠቅም ነገር ለምን እንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ ይገባል?

ሲፕሮን ጠላት ላደርገው አይደለም። ባክቴሪያ ብረት ላይ ከተጣበቀ በሚያሙለጨልጭ ሽፋን ራሱን ይከልላል፤ መድኃኒት በቀላሉ አይበግረውም። ብረቱ ይላላል፣ አጥንቱም ሳይገጥም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ የገባላቸው ብረት በስታፊሎኮከስ የተበከለ ሕሙማን ቁስላቸው በቀዶ ሕክምና ከተጠረገ በኋላ ለወራት መድኃኒት ወሰዱ። ሲፕሮን ከሪፋምፒሲን ጋር ከጨረሱት 12 ሰዎች 12ቱም ዳኑ። ሲፕሮን ብቻውን ከጨረሱት 12 ግን 7 ብቻ። እንግዲህ ያው ኪኒን ጀርሙ ታውቆ፣ ከአጋሩ ጋር፣ በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ እግር ያድናል። ዛሬ በከንቱ ስንውጠው ባክቴሪያው ይለምደዋል፤ የእውነት ያስፈለገን ቀን አይሠራልንም።

ለተሰበረ አጥንት አንቲባዮቲክ ትልቁን ውለታ የሚውለው በሁለተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣ የመጀመሪያዋ መርፌ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብትሰጥ ይመረጣል። ብረት ለማስገባት ቀዶ ሕክምና ሲደረግም ቢላ ከማረፉ በፊት ትሰጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ለመከላከያ ተብሎ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንዳይራዘም መክሯል።

አሁን የባሌን ካርታ አስቡት። ከሪራ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣ ቁስለኛ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቴን አምባ ማቋረጥ አለበት። ያቺ ወርቃማ ሰዓት መንገድ ላይ ታልቃለች። ስለዚህ መርፌዋ ቁስለኛውን መጠበቅ ያለባት ጎባ ሳይሆን እዚያው አቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ጥያቄዬም ይኸው ነው፦ የገጠር ጤና ጣቢያዎቻችን ክፍት ስብራት ሲመጣላቸው መርፌዋን ወግተው ነው የሚልኩት ወይስ ወረቀት ብቻ ጽፈው? ከተማ ውስጥ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን የሚቆጣጠረውስ ማን ነው? ጤና ቢሮው ሁለቱንም ሊመልስ ይገባል።

ብረት ላለባችሁ ሁሉ፦ የታዘዘላችሁን አታቋርጡ፣ ያልታዘዘላችሁን አትጀምሩ። መግል፣ ትኩሳት ወይም የሚብስ ሕመም ካያችሁ ወደ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ብረቱን ወዳስገባላችሁ ሐኪም ሂዱ። ቤታችሁ የተሰበረ ሰው ካለ ይህን አንብቡለት።